ራሽኑ ሲቀንስ፦ የስደተኞች ሕግ ከመጠለያ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ መስኮት

(በድሬዳዋ ለቀበሌ ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለነጋዴዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ። ከአዳራሹ የተነሡ ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ ተካተዋል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥቶ ስለ አዋጅ ለመስማት መምጣት ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

የስደተኛ ጉዳይ ሲነሣ እኛ የሕግ ሰዎች ከአዋጅ ቁጥር እንጀምራለን። ዛሬ ከምግብ ልጀምር። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአገራችን በ27 መጠለያ ጣቢያዎች ለሚኖሩ 780 ሺህ ስደተኞች የሚያድለውን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። 60 በመቶውም ሙሉ እንዳልነበረ ልብ በሉ። የሙሉ ራሽን ልክ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ነው ተብሎ ይሰላል፤ ከቅነሳው በኋላ የሚደርሰው ከ1 ሺህ በታች ሆነ። ምክንያቱ ድርቅ ወይም የመንገድ መዘጋት አይደለም። ለጋሾቹ ገንዘባቸውን ሰብስበዋል፤ ትልቁ ለጋሽ አሜሪካ ደግሞ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ እርዳታዋን አግዳ አብዛኛውን ቆርጣለች። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ እህሉ ወደ ገበያ እየወጣ ነው ተብሎ እርዳታው በመላ አገሪቱ ሲቆም ስደተኞችም አብረው ተቋረጠባቸው፤ እስከ መስከረም 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ያለ ራሽን ከርመዋል።

ይህ ድሬዳዋን ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ መጠለያ ጣቢያ የለም። ነገር ግን አውባሬ፣ ሸደርና ቀብሪበያህ የተባሉት ጣቢያዎች ከጅግጅጋ አካባቢ ናቸው፤ ከጅግጅጋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬ የሚያመጣው መኪና ሲመሽ ሳይሆን በቀን ያደርሳችኋል። ሆድ ሲጎድል ሰው ይነሣል። ይለፍ ያለውም የሌለውም ይነሣል። እዚህ ሲደርስ ስደተኛ ተብሎ የሚቀበለው ድንኳን የለም፤ ገንደ ቆሬ ወይም ሳቢያን ቤት ይከራያል፣ መጋላ ውስጥ ሸቀጥ ይሸከማል፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይፈታል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። ለስደተኛ የሚደረገው ድጋፍ ከካሚዮን ላይ ወርዶ ወደ መስኮት እየመጣ ነው፤ ወደ ባንክ መስኮት፣ ወደ ቀበሌ መስኮት፣ ወደ ንግድ ፈቃድ መስኮት። በዚያ መስኮት ውስጥ የተቀመጣችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ሕጉ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ትንሽ ልበል፤ ብዙ አላስቸግራችሁም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። ስምምነቱ በዓለም ከነበረው ሰፋ ያለ ነበር፤ በግል ስለ ፖለቲካው ወይም ስለ ሃይማኖቱ የሚሳደድ ብቻ ሳይሆን፣ ጦርነትና የሕዝብ ጸጥታ መደፍረስ ከአገሩ ያስወጣው ሁሉ ስደተኛ ነው አለ። ከሞቃዲሾ የሸሸ ሰው አንድ በአንድ እየተመረመረ ሳይሆን በጅምላ ተቀባይነት የሚያገኘው በዚህ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የ1951 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነትም ተቀበለች፤ ግን በተዓቅቦ፣ ሁሉንም ድንጋጌ ሳትቀበል። ካልተቀበለቻቸው ድንጋጌዎች አንዱ ስለ ሥራ ነበር፣ ሌላው ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት። ግባ፣ ተጠለል፣ ግን ሥራዬን አትንካ እንደማለት ነው። ያን ጊዜ አገሪቱ ድሃ ነበረች፤ አልፈርድም። ብቻ ያ አስተሳሰብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ፤ የ1996ቱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409ም ብዙ አላላላውም።

የተቀየረው በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን ሲያጸድቅ ስደተኛው የመሥራት፣ የመዘዋወር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ መንጃ ፈቃድ የማውጣት፣ ልጁን እንደ ዜጋው ልጅ አንደኛ ደረጃ የማስተማር መብት አገኘ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት በአገሪቱ መዝገብ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። በአፍሪካ ይህን ያህል የተራመደ ሕግ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ኬንያ የራሷን ሕግ ያሻሻለችው ከኛ በኋላ ነው። በዚህ ልንኮራ ይገባናል። ግን ጋዜጣ ላይ የወጣ ሕግ በራሱ እግር መስኮት ድረስ አይሄድም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታይዋን ገበያ አካባቢ በሌላ ሰው ሱቅ በረንዳ ላይ አንዲት ሲንጀር ይዞ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ። ቀብሪበያህ ጣቢያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የወላጆቹን አገር አያውቃትም። ሱሪ ሲያሳጥር በፍጥነቱ የሚደርስበት የለም። የሚያጠራቅመውን ብር የሚያስቀምጠው ባለሱቁ ዘንድ ነበር፤ ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሰው ይታመማል፣ ሱቅ ይቃጠላል። ሒሳብ እንክፈት ብለን አንድ ባንክ ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ የስደተኛ መታወቂያውን ተቀበለች፣ ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች፣ ለጎረቤቷ አሳየች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርናት። «ፓስፖርትስ?» የለውም። «የቀበሌ መታወቂያስ?» የለውም። «እንግዲያ ሥራ አስኪያጁን አናግሩ።» ሥራ አስኪያጁም በትሕትና፣ ሻይ ጋብዞ፣ «ደብዳቤ አምጡ» አለን። ከማን? ይህን እሱም አያውቅም። ደብዳቤ አምጡ ማለት በአገራችን «አይሆንም» ለማለት የሚመች መንገድ መሆኑን እዚህ ያላችሁ የቢሮ ሰዎች ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ነጋሪት ጋዜጣውን ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ቁጭ ብሎ አነበበው፤ አማርኛውን ከጨረሰ በኋላ እንግሊዝኛውንም አየ። ሒሳቡ በዚያው ቀን ተከፈተ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈው ማንም አላሳየውም ነበር።

እዚህ ላይ ፋይዳ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ መጣ። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፣ የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራምና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ተስማምተው ስደተኞች የፋይዳ ቁጥር ማግኘት ጀምረዋል። በኔ አስተያየት ካለፉት ዓመታት ለውጦች ሁሉ በተግባር ትልቁ ይህ ነው። የባንኳ ልጅ ካርዱን እያገላበጠች የምትጨነቅበት ነገር ይቀራል፤ የኔም የሷም የልብስ ሰፊውም ቁጥር ባለ አሥራ ሁለት አኀዝ ነው። የሚያሳስበኝ ነገር የለም ማለት አይደለም። ከአገሩ መንግሥት የሸሸ ሰው አሻራው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው ቢጠይቅ ነገር አበዛ ሊባል አይገባም። ደግሞም ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ ምን እንድትሠራ እንደተፈቀደልህ አይናገርም።

እሱን የሚናገረው የአዋጁ አንቀጽ 26 ነው፤ ይህን አንቀጽ ቆም ብለን እንየው፤ አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ስደተኛው ተቀጥሮ፣ አርሶ፣ በእጅ ሙያ ወይም በንግድ መሥራት ይችላል ይላል። በምን ልክ? «ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ በተሻለው» ልክ። ሲሰሙት ደስ ይላል። እስቲ አስቡት ግን፤ በድሬዳዋ አንዲት ሲንጀር ይዞ በረንዳ ላይ ሱሪ እንዲያሳጥር ፈቃድ የተሰጠው የውጭ ዜጋ የት አለ? የውጭ ዜጋ ሲባል ሕጋችን በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ዶላር ይዞ የመጣ ባለሀብት ወይም ኢንጂነር ነው። ልብስ ሰፊያችን በዚያ ሚዛን ሲለካ መብት አለው፣ ፈቃድ ግን የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የሥራ መብት መመሪያ ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞክሯል፤ ስደተኛ የሥራ ፈቃድ የሚያገኝበትን፣ በግሉ የሚሠራበትን አካሄድ ዘርግቷል። በተግባር ግን የከተማ ንግድ ቢሮዎች ጋ ያልደረሰበት ቦታ ብዙ ነው። ያው አንቀጽ ሌላ በር አለው፦ ለስደተኛውና ለአካባቢው ሕዝብ በጋራ በተቀረጸ ፕሮጀክት ውስጥ የሚሠራ ስደተኛ ከኢትዮጵያዊው እኩል ይታያል። ይህቺን በር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በተደረገው የመሪዎች ስብሰባ አገራችን ዘጠኝ ቃል ገብታ ነበር። አንዱ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100 ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጥሮ 30 በመቶው ለስደተኞች ይሁን የሚል ነው። ለዚህ ብድርም እርዳታም ተገኘ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ታገድን፤ ወደ አሜሪካ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ አጡ። የራሳችን ልጆች ሲሰናበቱ ለስደተኛ ቦታ ፈልጉ ማለት የማይሆን ነገር ሆነ። በዚያ ላይ ያ ደመወዝ ለኛም ልጆች የቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር፤ ከጅግጅጋ አካባቢ ዘመድና ቋንቋ ትቶ ለሱ የሚመጣ ስንት ነው? አንዳንድ ቃል ሲገባ ያምራል እንጂ ስፌቱ አልተለካም።

ሌላው መውጫ፣ ስደተኞቹ ራሳቸው «ፕሮሰስ» የሚሉት፣ ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ ነው። ስንት ወጣት ትምህርት ትቶ፣ ትዳር አዘግይቶ፣ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» እያለ ዕድሜው አለፈ። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የስደተኛ ቅበላዋን አቆመች፤ ለ2026 (እ.ኤ.አ.) በጀት ዓመት ያወጣችው ጣሪያ ለዓለም ሁሉ 7,500 ሰው ብቻ ነበር። ምርመራው አልቆ፣ ሕክምናው አልቆ፣ ሻንጣ የገዛ ቤተሰብ ሁሉ ቀረ። የአውሮፓ ኅብረትም አዲሱ የፍልሰትና የጥገኝነት ውሉ ከሰኔ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል ነው፤ የድንበር ላይ ምርመራው የጠበቀ፣ መመለሱ የፈጠነ እንዲሆን ነው የታሰበው። ስለዚህ እዚህ ያለው ሰው እዚሁ ነው የሚኖረው። ይህን ተቀብለን እንነጋገር።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር፤ ድሬዳዋ መግቢያ ብቻ ሳትሆን መውጫም ናትና። የጅቡቲ ዘመድ የሌለው የድሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! (ሳቅ) አያችሁ። ከሐረርጌ ደጋ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከወሎ የሚመጣው ልጅ ደላላው ያሳየውን መንገድ ይዞ በደወሌ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በረሃውን በእግሩ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሄዳል። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በየመን ጠረፍ በሰጠመችው ጀልባ ቢያንስ 49 ሰው ሞቷል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በአብያን ጠረፍ ሌላ ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ የኛ ልጆች ነበሩ።

ይህ ልጅ በስደተኞች አዋጅ አይሸፈንም። ሥራ ፍለጋ ነው የወጣው። የሚመለከተው በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ አዋጁ ቅጣቱን ደላላው ላይ ያከብዳል፣ ተጎጂውን ግን ተጎጂ ነው ይላል። ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ያግዛል፤ ብዙ ጊዜ እገዛው ማረፊያ፣ ሕክምናና የመንገድ ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ እዳው ይጠብቀዋል። ለደላላ የተከፈለው በሬ ተሽጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ነው። እዳውን ያልከፈለ ልጅ መልሶ ደወሌ ነው የሚታየው። ለተመላሾች ድጋፍ እናድርግ የምንል ሁሉ ስልጠና ከመስጠታችን በፊት እዳውን ብንጠይቅ መልካም ነበር፤ እስካሁን ያየኋቸው ቅጾች ላይ ስለ እዳ የሚጠይቅ መስመር አላየሁም።

ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃይ በአጭሩ። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ሰው የተፈናቀለበትን መስከረም 2010 ዓ.ም.ን ማንም አልረሳም። ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ፣ እዚህ ሚሌኒየም ፓርክ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደኖረ ታውቃላችሁ። አገራችን የአፍሪካ ኅብረት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ያወጣውን የካምፓላውን ስምምነት ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ስደተኛው ዝርዝር የአገር ውስጥ ሕግ አለው፣ ተፈናቃዩ ግን ከስምምነቱ በቀር የሚጠቅሰው አንቀጽ ያንሰዋል። ድንበር ያልተሻገረው ድንበር ከተሻገረው ያነሰ ወረቀት ይዟል።

እናም ቅሬታው ትክክል ነው። «ለስደተኛ ይሰጣል፣ ለኛስ?» የሚለውን ከገንደ ገራዳ እስከ ሸዋ በር ሰምቼዋለሁ። ምቀኝነት ነው ብላችሁ አትለፉት። የሐርቲሼክን ታሪክ የምታስታውሱ አላችሁ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ስትደበደብ ሰው ሸሽቶ የሰፈረባት፣ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የተባለች ጣቢያ ነበረች። ውኃ እንኳ በቦቴ ነበር የሚመላለሰው። በ1996 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጣቢያዋ ስትዘጋ ቦቴውም ድንኳኑም ክሊኒኩም ሄደ፤ ለአርብቶ አደሩ የቀረለት ዛፉ ያለቀ ሜዳ ነው። ለጣቢያው ብቻ የተሠራ ነገር ከጣቢያው ጋር ይሄዳል።

ቀብሪበያህን ደግሞ እዩ። ከጀረር ሸለቆ ተስቦ የመጣው ውኃ ለጣቢያውም ለከተማውም አንድ ነው፤ የከተማው እናትና የስደተኛዋ እናት ጀሪካናቸውን የሚሞሉት ከዚያው መስመር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየውን ይህን ጣቢያ ከከተማው ጋር የማዋሃድ ሥራም ተጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ በላስ አኖድ ከተማ ውጊያ ሲነሣ በሶማሌ ክልል ወደ ዶሎ ዞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባ። በዚያው ዞን ሚርቃን ላይ የአካባቢው ሕዝብ መሬት ሰጠ፤ አጥር የተከለለ ጣቢያ ሳይሆን ሁለቱም የሚገለገሉበት መንደር ይሁን ተባለ። መንግሥትም አሁን «መካተት» በሚል ፍኖተ ካርታ የያዘው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ በር ይቺ ናት። የጋራ ተብሎ የተቀረጸ ፕሮጀክት ስደተኛውን እንደ ዜጋ እንዲቆጠር ያደርገዋል፣ ለዜጋው ደግሞ ያለ ስደተኛው የማይመጣ ገንዘብ ያመጣለታል። ድሬዳዋ መጠለያ ጣቢያ ስለሌላት ከዚህ ገንዘብ ስትጠይቅ አላየሁም። የከተማው አስተዳደር ሰዎች እዚህ ካላችሁ፣ ልብስ ሰፊው ከኛ ልጆች ጋር በአንድ ሼድ የሚሠራበትን ፕሮጀክት ጽፋችሁ አቅርቡ። በሕጉ ፊት አካሄዱ ክፍት ነው።

ጥያቄዎች

አንድ የጋራዥ ባለቤት፦ «እኔ ጋ የሚሠራ የሶማሊያ ልጅ አለ። ቢያገኙኝ ይቀጡኛል?»

ጋሼ፣ የስደተኛ መታወቂያውንና የሥራ ፈቃዱን ይጠይቁት። ፈቃድ ከሌለው እንዲያወጣ ወደ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ይላኩት፤ ከርስዎ ጋር የጽሑፍ ውል ይኑረው። ሌላው ነገር፣ ስደተኛ ነው ብለው ደመወዙን ከሌላው እንዳያሳንሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲል አገሩን አይጠይቅም፤ ጣቱ ቢቆረጥ ካሳው የርስዎ ነው።

አንዲት መምህርት፦ «ልጅ ያለ ወረቀት ሲመጣ አንደኛ ክፍል እናስገባ ወይስ እንመልስ?»

አስገቡ። አንደኛ ደረጃ ላይ ከዜጋው ልጅ እኩል ነው። ወረቀቱ እየተማረ ይመጣል። ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ግን አዋጁ «እንደ አቅም» ይላል፤ እዚያ ላይ እኩልነቱ ይላላል።

አንድ የቀበሌ ሠራተኛ፦ «እናት የድሬ ልጅ ናት፣ አባት ስደተኛ ነው። ልጅ ተወልዷል። እኛ ጋ ሲመጡ ወደ ስደተኞች መዝገብ እንልካቸዋለን። ልክ ነን?»

ወንድሜ፣ ልክ አይደላችሁም፤ ይህ ስሕተት በብዙ ቦታ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6ም በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባት ይሁን እናት ልዩነት የለውም። ወደ ስደተኞች መዝገብ የላካችሁት ልጅ ዜጋ ሆኖ ሳለ ስደተኛ ተብሎ ያድጋል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መታወቂያ ሊያወጣ ሲመጣ ያን መዝገብ ማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ ያስኬዳል። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ይዤ የቆምኩባቸው ችሎቶች አሉ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና እናትየው ሳትመላለስ፣ የሁለቱንም ወላጆች መታወቂያ ተቀበሉ፤ በአባት ዜግነት ቦታ ላይ የአባትየውን አገር ጻፉ፣ በሕፃኑ ዜግነት ቦታ ላይ ኢትዮጵያዊ።